ድልድዩን አያዩትም እንዴ?

ባለፈው ቀለበት መንገድ ዳር ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት ሊሻገሩ ቆመው አየሁ። ስድሳን የዘለሉ ይመስላሉ። በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በሌላው የነጠላቸውን ጫፍ ይዘዋል። አካፋዩ ላይ ያለው የብረት አጥር አንድ ቦታ ላይ ተገንጥሏል። ሰው በጎኑ ሾልኮ የሚያልፍበት ያህል ክፍተት አለው። ክፍተቱ ሥር ያለው ሲሚንቶ ከሰው እግር ብዛት ለስልሷል። እናታችን ዓይናቸውን እዚያ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ። ሲኖትራክ አለፈ። ሁለት ሚኒባሶች ተሽቀዳድመው አለፉ። ከዚያ እንደ መሮጥ አሉና ገቡ።

አንድ የቤት መኪና ፍሬን ይዞ ሲጢጥ አለ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገና "ማዘር፣ ድልድዩን አያዩትም እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

ድልድዩ በእርግጥ አለ። ኋላ ላይ በእግሬ ሄጄ ቆጠርኩት። እሳቸው ከቆሙበት እስከ ደረጃው 240 እርምጃ ነው። ከዚያ መውጣት፣ መሻገር፣ መውረድ። ከዚያ ደግሞ ሌላ 240 እርምጃ ወደ ኋላ። የሚሳፈሩበት ታክሲ ያለው ግን ልክ ፊት ለፊታቸው ነው።

አጠገቤ ከቆሙት አንዱ "ሕዝባችን እኮ ሥርዓት አይገባውም" አለ። አንዲት ወጣት ደግሞ "ያልገባው ድልድዩን እዚያ ማዶ ያስቀመጠው ነው" ብላ መለሰችለት። ታክሲ መጣና ጨዋታው ተቋረጠ። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ሳሰላስለው ሄድኩ። ሁለቱ ሰዎች ሳያውቁት የመንገድ ባለሙያዎች መቶ ዓመት የተጨቃጨቁበትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። አንዱ ወገን ሰውን ለመንገዱ እናስተካክለው ይላል። ሌላው መንገዱን ለሰው እናስተካክለው ይላል። ስለ አስፋልት ስፋት፣ ስለ አጥር፣ ስለ መብራት የሚነሳው ክርክር ሁሉ ከዚህ ይቀዳል።

"ፋራ" የተባለው እግረኛ

መንገድ የመኪና ነው የሚለው ሐሳብ ከጥንት የነበረ ይመስለናል። አልነበረም። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በአሜሪካ ከተሞች ልጆች መንገድ መሀል ይጫወታሉ፣ ነጋዴ ጋሪውን ያቆማል፣ ሰው በፈለገበት ይሻገራል። እንግዳው መኪናው ነበር። ሰው ሲገድልም ብዙው ሕዝብ ጥፋተኛ የሚያደርገው ሹፌሩን ነበር።

በ1923 እ.ኤ.አ. በኦሃዮዋ ሲንሲናቲ ከተማ ከ40,000 በላይ ሰዎች ፊርማቸውን አኖሩ። የጠየቁት ነገር ዛሬ ሲሰሙት ያስደነግጣል። እያንዳንዱ መኪና በሰዓት ከ25 ማይል፣ ማለትም ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ የሚገታ መሣሪያ በግድ ይገጠምለት አሉ። ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። መኪና ሻጮች ደነገጡ። ተሰባስበው ከፍተኛ ቅስቀሳ አካሄዱና ሐሳቡ በድምፅ ተሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ የመኪናው ወገን ነቃ። ጥያቄው "መኪና ለምን ይሮጣል?" ከሚለው "እግረኛው እዚያ ምን ይሠራል?" ወደሚለው እንዲዞር ተሠራበት። አንድ ስድብም ታጠቁ፤ "ጄይዎኪንግ" የሚባለውን። በዘመኑ አነጋገር "ጄይ" ማለት ከገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ የሚደናበር ሰው ነው። ቁርጥ የእኛ "ፋራ"። ስለዚህ ቃሉ "የፋራ አረማመድ" እንደማለት ነው። ቦይ ስካውት የሚባሉት ታዳጊዎች አስፋልት ላይ ቆመው ያለ ቦታው ለሚሻገር ሰው የማስጠንቀቂያ ካርድ ያድሉ ነበር። ሎስ አንጀለስ በ1925 እግረኛውን የሚገታ የትራፊክ ደንብ አወጣች። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ስድብ የነበረው ቃል የሕግ ጥፋት ሆኖ ቀረ።

የቀለበት መንገዱ ሹፌር ይህን ሁሉ አያውቅም። ግን "ማዘር፣ ድልድዩን አያዩትም እንዴ?" ሲል የዚያ ዘመቻ የልጅ ልጅ ነው።

ታፔላው 30፣ አስፋልቱ 80

ቀጥሎ የመጣው የመሐንዲሶች ፍልስፍና ክፋት የለበትም። እንዲያውም የመነጨው ከርኅራኄ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ሰፋፊ የአገር አቋራጭ መንገዶችን ሲሠሩ አንድ ነገር ልብ አሉ። ሹፌር ያንቀላፋል፣ ይሳሳታል፣ ከመንገድ ይወጣል። ሲወጣ ዛፍ ወይም ምሰሶ ይገጨዋል። ስለዚህ ዛፉን ከዳር አንሱት፣ መስመሩን አስፉት፣ ኩርባውን አቅኑት አሉ። መንገዱ ለስህተት ይቅር ባይ ይሁን ነው ነገሩ። አገር አቋራጭ ላይ ይህ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል።

ችግሩ ያው መመሪያ ከተማ ሲገባ ነው። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ዳሩ የተመነጠረ መንገድ ሹፌሩን "ንዳው!" ይለዋል። ታፔላው 30 ቢልም አስፋልቱ 80 ይላል። ሹፌር ደግሞ የሚሰማው አስፋልቱን ነው። እኔም ስነዳ እንደዚያው ነኝ፣ አልዋሽም። ይቅርታው ለሹፌሩ ብቻ ሆነ ማለት ነው። እግረኛው ሲሳሳት ይቅር የሚለው የለም።

ቁጥሩን እናስላው። አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ ድንገት አስፋልት ገባ እንበል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ 1 ሰከንድ እንስጠው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል። ጎማው ጥሩ፣ አስፋልቱም ደረቅ ከሆነ ከዚያ በኋላ 5 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ባጠቃላይ 13 ሜትር። በ60 የሚሄደውስ? በአንድ ሰከንድ ብቻ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ያኛው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ የዚህኛው ሹፌር ገና ፍሬን አልነካም። ልጁን የሚያገኘው በሙሉ ፍጥነቱ ነው።

የምቱም ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 መገጨት ከሦስት ሜትር ተኩል ላይ እንደመውደቅ ነው። አንድ ፎቅ በሉት። በ60 ሲሆን ከ14 ሜትር፣ ማለትም ከአራተኛ ፎቅ በላይ እንደመውደቅ ነው። ከአንደኛ ፎቅ የወደቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል።

ስለዚህ የአንድ መስመር ስፋት 3 ሜትር ይሁን 3.5 የሚለው የቢሮ ጉዳይ መስሎ ቢታይም ቀላል አይደለም። ጠበብ ሲል ሹፌር ይጠነቀቃል። ደግሞ አራት መስመር ባለው መንገድ ላይ ከየመስመሩ ግማሽ ሜትር ቢቀነስ ሁለት ሜትር ይተርፋል። ሁለት ሜትር ማለት ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን እያወሩ የሚሄዱበት የእግረኛ መንገድ ነው።

መንገድ ሲሰፋ መጨናነቅ ይቀላል የሚለውም እምነት ሲፈተን ብዙ ጊዜ ወድቋል። በአሜሪካዋ ሂዩስተን ያለው ኬቲ አውራ ጎዳና ከነመጋቢዎቹ አንዳንድ ቦታ 26 መስመር እስኪደርስ እንዲሰፋ ተደርጓል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መልሶ ተጨናነቀ። ቦታ ሲያገኝ መኪናው ይበዛል፣ ሰውም ርቆ መኖር ይጀምራል። አለቀ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዩ ስትሪትን አሳምረው ያውቁታል። እንጀራ፣ ቡና፣ ሙዚቃ፣ ሁሉ ያለበት ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. ዕቅድ ቢሆን ኖሮ በዚያ አካባቢ የሚያልፈው ፈጣን አውራ ጎዳና ነበር። ነዋሪው፣ በተለይ ጥቁሩ ሕዝብ፣ ለዓመታት ታገለና አስቀረው። ከገንዘቡም ብዙው ዛሬ ሜትሮ ወደሚባለው የከተማ ባቡር ዞረ። የሀበሻ ምግብ ቤቶች ኋላ የተተከሉት ያ ሳይፈርስ በቀረው ሠፈር ላይ ነው።

ደች አገር ምን ተፈጠረ?

ኔዘርላንድስን ዛሬ የምናውቃት በብስክሌት ነው። ፈረንጆቹ ተፈጥሯቸው ነው እንላለን። ግን እነሱም በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. መኪና ተከትለው ሄደው ነበር። የቦይ ውኃ ደፍነው መንገድ አስፍተዋል፣ አደባባይ ሁሉ መኪና ማቆሚያ አድርገዋል። በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞተባቸው። ከነዚህ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ።

ያኔ ነው "የሕፃናት ግድያ ይቁም" የሚል ንቅናቄ የተነሳው። ስሙን ልብ በሉ። "አደጋ" አላሉትም፤ "ግድያ" ነው ያሉት። ወላጆች መንገድ ዘጉ፣ መንገድ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ምሳ በሉ፣ በብስክሌት ሰልፍ ወጡ። በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቀውስ መጣና መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና አገደ። ሕዝቡ ባዶ አውራ ጎዳና ምን እንደሚመስል አየ።

ዴልፍት የምትባል ከተማ ደግሞ ቀደም ብላ ሌላ ነገር ጀምራ ነበር። ሠፈር ውስጥ ያለውን መንገድ እንደ ግቢ አደረገችው። ከርብስቶን የለም። ዛፍ መሀል ላይ ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ መንገዱ ይጠማዘዛል። መኪና ይገባል፣ ግን እንደ እንግዳ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት። በ1976 እ.ኤ.አ. ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። እኛ አገር በአንዳንድ የኮብልስቶን ሠፈሮች ቅዳሜ ከሰዓት የሚታየው ነገር ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ መኪና ሲመጣ ድንጋዩን ጎል አንስተው ያሳልፋሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ። ልዩነቱ እነሱ ሕግ አደረጉት።

ስዊድን በ1997 እ.ኤ.አ. የሄደችበት መንገድ ከዚህ ለየት ይላል። ፓርላማዋ "ዜሮ ራዕይ" የሚባለውን መርሕ አጸደቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ የስህተቱ ዋጋ ግን ሞት መሆን የለበትም። ስለዚህ ሰው ሲሞት ጥያቄው መንገዱን ወደነደፈውም ይሄዳል። ከሹፌርና ከእግረኛ ጋር መሐንዲሱም ኃላፊነት አለበት ማለት ነው። ለእኛ ዜና አሰሚዎችም ቢነገራቸው ጥሩ ነበር። የእኛ የአደጋ ዜና ሁልጊዜ "የአሽከርካሪ ጥንቃቄ ጉድለት" ወይም "የእግረኛ ቸልተኝነት" ብሎ ይዘጋል። ስለ መንገዱ የሚጠየቅ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጀርባውን ለመኪና የሰጠው መሐንዲስ

ከሁሉም የሚገርመኝ ሃንስ ሞንደርማን ነው። በሰሜን ኔዘርላንድስ የፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር የትራፊክ መሐንዲስ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። ይህ ሰው ምልክት ሁሉ ይነሳ አለ። ታፔላ አያስፈልግም፣ መብራት አያስፈልግም፣ የተሰመረ መስመርም አያስፈልግም። ሰው ላይ መመሪያ ሲበዛበት ማሰብ ያቆማል። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ግራ ቀኙን አያይም። መብራቱን ስታነሳበት ግን የሰው ዓይን ፍለጋ ይጀምራል።

ድራክተን በምትባል ከተማ በቀን ከ20,000 በላይ መኪና የሚያልፍበትን መስቀለኛ መንገድ መብራቱን ነቅሎ ወደ ክፍት አደባባይ ለወጠው። ሥራው በ2003 እ.ኤ.አ. አካባቢ ተጠናቀቀ። ጋዜጠኛ ሲመጣበት ለማሳየት ብሎ ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ወደ ኋላ እየተራመደ አስፋልቱ ውስጥ ይገባ ነበር። መኪኖቹ ዞረውት ያልፋሉ።

ይህን ሳነብ "ታዲያ ይሄ የእኛ መስቀል አደባባይ አይደለም እንዴ?" አልኩ። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ድሮ መስቀል አደባባይ ያለ መብራት ከየአቅጣጫው የሚግተለተለው መኪና፣ በመሀሉ የሚሹለከለከው ሰው፣ በቪዲዮ ዓለምን ዞሮ ነበር። ሞንደርማንን ቀድመነው ይሆን? አይደለም። የእሱ ዘዴ የሚሠራው ፍጥነት ዝቅ ባለበት ብቻ ነው። ዓይን ለዓይን መተያየት የሚቻለው ቀስ ሲባል ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ መብራት ማንሳት ብቻውን መንገዱን ለጉልበተኛ መስጠት ነው።

የሞንደርማን ሐሳብ ሌላም ቀዳዳ አለው፤ ዓይነ ስውራን። እሱ ሁሉን ነገር የተከለው በዓይን መተያየት ላይ ነው። ዓይነ ስውር በበትሩ የሚያገኘው ከርብስቶን ከጠፋ የት ቆሞ የት እንደሚሻገር በምን ያውቃል? እንግሊዝ አገር ሐሳቡ በሰፊው ከተሞከረ በኋላ ማኅበሮቻቸው አጥብቀው ተቃወሙ። በ2018 እ.ኤ.አ. መንግሥት አዳዲስ ወለላቸው ደረጃ የሌላቸው የጋራ መንገዶች ለጊዜው እንዲቆሙ ጠየቀ። ስለ ነፃነት የሚያወራ ንድፍ ለማን ነፃነት እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

የበቅሎ መንገድና የማስመሪያ መንገድ

አሁን ወደ ሸገር። አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ በ1879 ዓ.ም.፣ መንገድ የሚባል ዕቅድ አልነበረም። መኳንንቱ በየኮረብታው ሠፈሩ፣ ተከታያቸው በዙሪያቸው ሠፈረ። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች ዛሬም የሠፈርና የድልድይ ስም ሆነው አሉ። ከሠፈር ሠፈር የሚወስደውን መንገድ ያወጣችው በቅሎ ናት። ወንዙን በሚሻገሩበት ቦታ ትሻገራለች፣ ዳገቱን ዞራ ትወጣለች። ለዚህ ነው የድሮ ሠፈር መንገዶች የሚጠማዘዙት።

የዚህ ተቃራኒ በ1936 እ.ኤ.አ. መጣ። ጣሊያን ከተማዋን እንደያዘ ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ ለአዲስ አበባ የሚሆን ንድፍ ሣለ። በማስመሪያ የተሰመረ ሰፊ ጎዳና፣ ግራ ቀኙ አራት ማዕዘን፣ ነባሩ ከተማ እንደሌለ የተቆጠረበት። አልተሠራም። ግን ከተማን እንደ ባዶ ወረቀት የማየት ልማድ ከሱ ጋር አልተቀበረም።

የዛሬው ቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቻይና ተቋራጭ ተሠራ። ለመኪና ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከከተማው ጫፍ ጫፍ መሀሉን ሳይነኩ መሄድ ተቻለ። ለእግረኛ ግን አጥር ነው። ወዲህ ማዶ ቤት፣ ወዲያ ማዶ ትምህርት ቤት፣ መሀል ላይ ፈጣን መኪና። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በየብስ በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ያንኑ አደረገ። አንድ ሠፈር የነበረው ሁለት ሆነ። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት ቤት ለመድረስ ዞሮ መሄድ መጣ።

ይህ በማን ከተማ ነው የሆነው? ከዕለታዊ ጉዞው ግማሽ በላዩ በእግር በሚደረግባት ከተማ። የግል መኪና ያለው ጥቂት ነው። በየዓመቱ ግን በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው 400 ገደማና ከዚያ በላይ ሆኖ ኖሯል። ከሟቾቹም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ብዙኃኑ በእግሩ ይሄዳል፣ መንገዱ ለጥቂቱ ይነደፋል፣ ብዙኃኑ ይሞታል።

ደግሞ ሌላ ሙከራ አልነበረም አይባልም። ለገሃር መስቀለኛ ላይ አስፋልቱን በቀለምና በማገጃ አጥብበው ለእግረኛ መቆሚያ ደሴት ሠርተውለት ነበር። ሰባተኛ አካባቢም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። ወጪው ትንሽ፣ ሐሳቡ ትልቅ። አንድ ትልቅ መሻገሪያ ሁለት ትንንሽ መሻገሪያ ሲሆን አረጋዊ ሰው መሀል ላይ ትንፋሽ ይሰበስባል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ "መንገድ ለሰው" ተጀመረ። በወር አንድ እሑድ መኪና ይቆም፣ ሰው በአስፋልቱ ይጫወት ነበር። ሐሳቡ የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሑድ እሑድ ከምታደርገው ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሄጄ አንድ አባት ልጁን ብስክሌት ሲያስተምር አየሁ። አስፋልት ላይ መሀል ለመሀል። ልጁ መስመሩን ተከትሎ ለመሄድ ሲፍጨረጨር አባትየው "ተወው፣ ዛሬ መስመር የለም" ይለው ነበር።

ኮሪደሩ

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከዚያ ሁሉ የሚለየው በመጠኑ ነው። ከአዲስ አበባ አልፎ የክልል ከተሞችም ገብተውበታል። የሚያስመሰግነውን ላስቀድም። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ሲመሽ መብራት አለ። ሴቶች ማታ ሲሄዱ እንደ ድሮው አይፈሩም፤ እህቴ ከሥራ ወጥታ ሁለት ፌርማታ ያህል በእግሯ የምትመጣው ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው። የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቷል፤ ይህ በአዲስ አበባ ቀላል ነገር አይደለም። በዊልቸር የሚሄድ ሰው አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ረዳት ሲያልፍ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት አላየሁም።

የፈረሰውም አለ። ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሠፈሮች ሳይቀሩ ተነክተዋል፣ ሰዉ በአጭር ጊዜ ተነስቶ ዳር ዳር ሄዷል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልን የመሰሉ የመብት ተቋማት አቤት ብለዋል። ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ለመንገዱ ንድፍ በሚመለከተው በኩል ብቻ ልንካው። ሰው ርቆ ሲሠፍር በእግር ይሄድ የነበረው ታክሲ ፈላጊ ይሆናል። ያማረው የእግረኛ መንገድ ያለው ከተማው መሀል ነው፤ እግረኛው ግን ከከተማው ጫፍ ሆኗል።

ወደ ንድፉ ስንመጣ ኮሪደሩ አንድ ፍልስፍና የለውም። ሦስት አለው፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ። ዳር ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ የደቾቹን ይመስላል። መሀል ያለው አስፋልት የሂዩስተንን ይመስላል፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ ሌሊት ላይ መኪና የሚበርበት። በሁለቱ መካከል ያለው ሣር፣ አበባና አጥር ደግሞ የፖስት ካርድ ነው። ለመታየት የተሠራ።

ብስክሌት መንገዱን እዩት። በቀለም ተለይቶ ተሠርቷል፣ ደስ ይላል። ብስክሌት ሲያልፍበት ያየሁት ግን ጥቂት ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከለገሃር ፒያሳ በፔዳል መውጣት ስፖርት እንጂ ትራንስፖርት አይደለም። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ናት። እዚያ ልዩ መንገድ ሳይሠራ ከስንት ዘመን ጀምሮ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ እናቱ በብስክሌት ነው የሚሄዱት። አንዱ ጋ ብስክሌቱ መንገድ ሳይጠብቅ መጣ፤ ሌላው ጋ መንገዱ ብስክሌት እየጠበቀ ነው። ከጊዜ ጋር ይመጣ ይሆናል፣ በተለይ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ከረከሰ። ተስፋ አልቆርጥም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፤ መንገድ እንጀራ መሆኑ። ከላይ ያነሳኋቸው ፈረንጆች ሁሉ ሲከራከሩ መንገድ ለመሄጃ ነው ወይስ ለመኖሪያ ይላሉ። የእኛ ጥያቄ ላይ ሦስተኛ ነገር አለ። ጉልት አለ። በቆሎ የምትጠብስ እናት አለች። ሊስትሮ አለ፣ ጀብሎ አለ፣ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ልጅ አለ። የእነሱ ሱቅ የእግረኛው መንገድ ነው። ድሮ ጠባቡን መንገድ ሞልተውት ሰው ወደ አስፋልት ይወርድ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። መኪና የገጨው ብዙ ሰው ለዚያ ነው አስፋልት የገባው። አሁን መንገዱ ስድስት ሰባት ሜትር ሆኖ ሰፍቶ ደግሞ እነሱ የሉበትም። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ዕቃቸውን ሰብስበው ይሮጣሉ።

ስፋቱ ከመጣ ለሁሉም ይበቃ ነበር። ሁለት ሜትር ለሻጭ ቢሰመርለት አራት ሜትር ለሂያጅ ይተርፋል። ማታ መንገዱን ሰው የሚያደርገውም መብራቱ ብቻ አይደለም። በቆሎ ጠባሿ ናት። ከሰሏ ዙሪያ ሦስት አራት ሰው ቆሞ ሲበላ ቦርሳ የሚነጥቅ ልጅ አይጠጋም። ጥበቃ ሳይቀጠር የተጠበቀ መንገድ ማለት ይህ ነው። ንድፍ አውጪዎች "ዓይን ያለው መንገድ" ብለው በውጭ ኮርስ የሚማሩት ነገር እኛ ጋ በደንብ አስከባሪ ይባረራል።

አንድ ወዳጄ ይህን ሳወራው "ንጽሕናስ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆሻሻ ገንዳና የውኃ ቧንቧ የንድፉ አካል ቢሆን ያልቃል። መብራት ለመትከል የተቆፈረ መሬት ለቧንቧ አያንስም።

ፍጥነቱም በካሜራና በቅጣት ብቻ አይገታም። መሻገሪያው ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከፍ ቢል መኪናው ወደ ሰው መንገድ እየወጣ ስለሚያልፍ ግድ ዝግ ይላል። ማዕዘኑ ጠበብ ሲደረግ መኪና ሲታጠፍ ይቀንሳል። መሻገሪያ ደግሞ ሰው በሚሻገርበት ቦታ ይሁን። ታክሲ የሚቆምበት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ መስጊድ ፊት ለፊት። የት እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ሣሩን ማየት ነው።

ሣሩን ስል በአዲሱ ኮሪደር ላይ አንድ ቦታ አለ፣ በየቀኑ የማልፍበት። አካፋዩ ላይ ለምለም ሣር ተተክሏል። መሀሉን ግን ቀጭን መስመር ሰንጥቆታል፤ ሰው የረገጠው፣ አፈሩ የወጣ። መጀመሪያ በሲባጎ አጠሩት። ሰው ተሻገረው። ቀጥሎ አበባ ተከሉበት። አበባው ተረገጠ። ባለፈው ሳምንት ሣር የሚያጠጣውን ልጅ "ለምን አትከለክላቸውም?" አልኩት። የጎማውን ውኃ ወደ ሌላ በኩል አዞረና ወደ ማዶ በአገጩ አመለከተኝ። የሃያ ሁለት ታክሲ ቆሞ ረዳቱ ይጠራል።

"እኔም ማታ በዚሁ ነው የምሻገረው" አለኝ።